የኮምፓይለር ውጤት የፈቃድ ሁኔታ

የኮምፓይለር ውጤት የፈቃድ ሁኔታ ማለት አንድ ኮምፓይለር ከምንጭ ኮድ ያመነጨው ፋይል በየትኛው የቅጅ መብት ፈቃድ እንደሚተዳደር የሚመለከት የሶፍትዌር ሕግ ርዕስ ነው። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሳው ኮምፓይለሩ ራሱ በክፍት ምንጭ ፈቃድ፣ በተለይም በጂኤንዩ አጠቃላይ የሕዝብ ፈቃድ (ጂፒኤል) ሥር ሲሆን ነው።

አጠቃላዩ ደንብ አጭር ነው። የኮምፓይለሩ ፈቃድ ወደ ውጤቱ አይተላለፍም፤ ውጤቱ የሚከተለው የምንጭ ኮዱን ባለመብት ነው። ሆኖም ኮምፓይለሩ ከራሱ ኮድ ቆርሶ በውጤቱ ውስጥ ካስገባ ያ ቁራጭ የራሱን ፈቃድ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ፕሮግራሙ በምን ተሠራ?» ሳይሆን «በመጨረሻው ፋይል ውስጥ የማን ኮድ አለ?» የሚለው ነው።

ይህን አለመለየት ሁለት ዓይነት ጉዳት ያመጣል። አንዳንዱ በነፃ ኮምፓይለር ስለተጠቀመ ብቻ ሥራውን የመሸጥም ሆነ የመዝጋት መብት የለውም ብሎ ያምናል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ያገኘውን ላይብረሪ ሁሉ ያለ ምንም ግዴታ መጠቀም የሚችል ይመስለዋል። ሁለቱም ስህተት ናቸው።

መሠረታዊ ቃላት

ምንጭ ኮድ፦ ፕሮግራመሩ በሲ፣ በጃቫ፣ በፓይተን ወይም በሌላ ቋንቋ የጻፈው፣ ሰው ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ነው።

ኮምፓይለር፦ ምንጭ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ ወይም ወደ ሌላ የኮድ ዓይነት የሚቀይር ፕሮግራም ነው።

ባይነሪ፦ ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚያስኬደው የኮምፓይለሩ የመጨረሻ ውጤት ነው።

ላይብረሪ፦ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የተጻፈ ኮድ ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ሁለት ነው። በስታቲክ ማገናኘት የላይብረሪው ኮድ ተቀድቶ ባይነሪው ውስጥ ይገባል። በዳይናሚክ ማገናኘት ግን ላይብረሪው በተለየ ፋይል ይቀመጥና ፕሮግራሙ ሲነሳ ይጠራል።

ራንታይም ላይብረሪ፦ ኮምፓይለሩ ያመነጨው ኮድ እንዲሠራ የሚያስፈልገውና ብዙ ጊዜ ፕሮግራመሩ ሳይጠይቅ ኮምፓይለሩ ራሱ የሚጨምረው ላይብረሪ ነው።

ኮፒሌፍት፦ ሥራውን ወይም ከእሱ የተገኘውን ሥራ የሚያሰራጭ ሰው በዚያው ፈቃድ እንዲያሰራጭ፣ ምንጭ ኮዱንም እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፈቃድ ዓይነት ነው። ጂፒኤል በዚህ ዓይነት በሰፊው የሚታወቀው ነው።

ልል ፈቃድ፦ የባለመብቱ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ እንዲጠበቅ ብቻ የሚጠይቅ ፈቃድ ነው። ኤምአይቲ እና ቢኤስዲ የተባሉት ፈቃዶች ምሳሌ ናቸው።

የደንቡ መነሻ

ኮምፓይለር የሚሠራው በተወሰነ ሕግ መሠረት መተርጎም ነው። አንድ ዓይነት ምንጭ ኮድ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ከተሰጠው ያንኑ ውጤት ያወጣል፤ ከራሱ የሚጨምረው የፈጠራ ሐሳብ የለም። በዚህ ረገድ ኮምፓይለር ብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊን ይመስላል። ቁም ጸሐፊው መጽሐፉን ስለጻፈ ደራሲው አይሆንም። ነገር ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ የራሱን ጸሎት ወይም ማስታወሻ ቢያክል ያቺ ጽሑፍ የእሱ ናት። የኮምፓይለር ፈቃድ ጥያቄም የሚነሳው በዚች ጭማሪ ላይ ነው።

የጂፒኤል ጽሑፍ ራሱ ይህን ልዩነት ያስቀምጣል። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት 2 እንደሚለው የአንድ ፕሮግራም ውጤት በፈቃዱ የሚሸፈነው የውጤቱ ይዘት በፕሮግራሙ ላይ የተመሠረተ ሥራ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት 3 ም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዟል። ማለትም የሚታየው ውጤቱን ያወጣው መሣሪያ ሳይሆን የውጤቱ ይዘት ነው። በጂፒኤል በተሰራጨ የጽሑፍ ማዘጋጃ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ደብዳቤው ጂፒኤል አይሆንበትም። በጂፒኤል የተሰራጨ ኮምፓይለርም እንዲሁ ነው።

የባይሰን ታሪክ

ይህ ልዩነት የወረቀት ክርክር ብቻ አለመሆኑን በደንብ የሚያሳየው የጂኤንዩ ባይሰን ታሪክ ነው። ባይሰን የአንድን ቋንቋ ሰዋስው ተቀብሎ ያንን ቋንቋ የሚተነትን ፕሮግራም (ፓርሰር) በሲ ቋንቋ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ፓርሰሩን የሚያመነጨው ከባዶ አይደለም። በባይሰን ደራሲዎች አስቀድሞ የተጻፈ ሰፋ ያለ አብነት አለው፤ ከተጠቃሚው ሰዋስው ያገኘውን ሠንጠረዥ በዚህ አብነት ውስጥ ይሞላና ሁሉንም በአንድ ፋይል ያወጣል።

አብነቱ የባይሰን አካል ስለነበረና ባይሰን በሙሉ በጂፒኤል ሥር ስለነበረ፣ ከስሪት 1.24 በፊት በባይሰን የተመነጩ ፓርሰሮች ነፃ በሆኑ ሶፍትዌሮች ውስጥ ብቻ ነበር መግባት የሚችሉት። ይህ የሆነው ታስቦበት በወጣ መመሪያ አልነበረም። የተለመደው ጂፒኤል በባይሰን ኮድ ሁሉ ላይ በመዋሉ ብቻ የተከተለ ውጤት እንደሆነ የባይሰን መመሪያ መጽሐፍ ይገልጻል። የጂኤንዩ ሲ ኮምፓይለር ግን እንዲህ ያለ ገደብ ኖሮት እንደማያውቅና ዝግ ሶፍትዌር ለመሥራት ሁልጊዜም ይቻል እንደነበር መጽሐፉ ጨምሮ ያስረዳል።

ከስሪት 1.24 ጀምሮ ለአብነቱ ልዩ ፈቃድ ተሰጠ። መጀመሪያ ፈቃዱ በሲ ቋንቋ ለሚወጡ አንድ ዓይነት ፓርሰሮች ብቻ ነበር፤ ከስሪት 2.2 ወዲህ ደግሞ ሰፋ። ዛሬ በባይሰን የተሠራ ፓርሰር ዝግ በሆነ ፕሮግራም ውስጥም መግባት ይችላል። የማይፈቀደው አብነቱን ወስዶ ሌላ የፓርሰር ማመንጫ መሥራትና ያንን ከጂፒኤል ውጭ ማሰራጨት ነው።

ጂሲሲ እና የራንታይም ልዩ ፈቃድ

ጂሲሲ በሪቻርድ ስቶልማን ተጀምሮ በ1987 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ የጂኤንዩ ኮምፓይለር ነው። ዛሬ ሲ፣ ሲ++፣ ፎርትራን፣ ኤዳ እና ሌሎች ቋንቋዎችን ይተረጉማል። ተማሪዎች ሲ++ ለመለማመድ የሚጭኗቸው ኮድብሎክስና ዴቭ-ሲ++ የተባሉት የኮድ መጻፊያዎች በዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከበስተኋላቸው የሚጠሩት ይህንኑ ኮምፓይለር ነው።

ጂሲሲ በጂፒኤል ስሪት 3 ይሰራጫል። ባይነሪ ሲያወጣ ግን ሊብጂሲሲ ከሚባለው ራንታይም ላይብረሪው ትንንሽ ክፍሎችን ይጨምራል። ለምሳሌ የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር በአንድ ትእዛዝ መሥራት የማይችለው የትልልቅ ቁጥሮች ማካፈል ሲያጋጥም ኮምፓይለሩ ለዚያ የተዘጋጀውን ኮድ ከላይብረሪው ያመጣል። ልዩ ፈቃድ ባይኖር ኖሮ ይህ ቁራጭ ኮድ በጂሲሲ የተሠራውን ፕሮግራም ሁሉ ወደ ጂፒኤል ሊጎትት ይችል ነበር።

ይህ እንዳይሆን ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን «የጂሲሲ ራንታይም ላይብረሪ ልዩ ፈቃድ» የሚባል ተጨማሪ ሰነድ አለው። አሁን የሚሠራው ስሪት 3.1 በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዚህ ሰነድ መሠረት ፕሮግራመሩ የጻፈው ኮድ ከጂሲሲ ራንታይም ላይብረሪዎች ጋር ተዋህዶ የወጣውን ባይነሪ ባለቤቱ በመረጠው ፈቃድ፣ ዝግ በሆነም ጭምር፣ ማሰራጨት ይቻላል።

ፈቃዱ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ትርጉሙ «ብቁ በሆነ የኮምፓይል ሂደት» መከናወን አለበት። ጂሲሲን ለብቻው ወይም ከጂፒኤል ጋር ከሚጣጣሙ ሶፍትዌሮች ጋር መጠቀም ብቁ ነው። ጂሲሲን ጨርሶ ያልነካ ሂደትም ብቁ ነው። ብቁ ያልሆነው የጂሲሲን ውስጣዊ የመካከለኛ ኮድ አውጥቶ ከጂፒኤል ጋር በማይጣጣም ዝግ መሣሪያ ማሻሻል ነው። ሁኔታው የተጨመረው ጂሲሲ ፕለጊን ለመቀበል በሚዘጋጅበት ጊዜ ሲሆን፣ ዓላማው ዝግ የሆኑ ማሻሻያዎች በኮምፓይለሩ ላይ እንዳይገነቡ መከላከል ነው። የተለመደ ተጠቃሚን አይነካም።

የልዩ ፈቃዱ አለመኖር ምን እንደሚያስከትል የኤዳ ቋንቋ ኮምፓይለር የሆነው ግናት ያሳያል። ኤዳኮር የተባለው ኩባንያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ያቀርበው የነበረው የግናት ጂፒኤል እትም ራንታይም ላይብረሪው ያለ ልዩ ፈቃድ በጂፒኤል ሥር ነበር። በዚያ እትም የተሠራ ፕሮግራም ሲሰራጭ ጂፒኤልን መከተል ነበረበት። ከጂሲሲ ጋር የሚወጣው ግናት ግን ልዩ ፈቃዱን ይዟል። ኮምፓይለሩ አንድ፣ ምንጭ ኮዱ አንድ ሆኖ ሳለ የተጠቃሚው ግዴታ የተለየው በራንታይሙ ፈቃድ ብቻ ነው።

ሌሎች ኮምፓይለሮች

ኤልኤልቪኤም፦ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ የኮምፓይለር መሠረት ሲሆን ክላንግ የተባለው የሲ እና የሲ++ ኮምፓይለር በእሱ ላይ ይሠራል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አፓቼ ፈቃድ ስሪት 2.0 «ከኤልኤልቪኤም ልዩ ፈቃዶች ጋር» ተሸጋግሯል። ልዩ ፈቃዱ የኤልኤልቪኤም ክፍሎች በኮምፓይል ምክንያት በተጠቃሚው ባይነሪ ውስጥ ቢገቡ የፈቃዱን ቅጂና የባለመብቶችን ማስታወቂያ አብሮ የማሰራጨት ግዴታን ያነሳል።

ጃቫ፦ ኦፕንጄዲኬ በጂፒኤል ስሪት 2 «ከክላስፓዝ ልዩ ፈቃድ ጋር» ይሰራጫል። ሰን ማይክሮሲስተምስ ጃቫን በዚህ መንገድ እንደሚከፍት ያስታወቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። በልዩ ፈቃዱ ምክንያት የጃቫን መደበኛ ላይብረሪዎች የሚጠራ ፕሮግራም ጂፒኤል ለመሆን አይገደድም።

ጎ፦ የጎ ኮምፓይለር ራንታይሙንና መደበኛ ላይብረሪውን በእያንዳንዱ ባይነሪ ውስጥ ያስገባል። ፈቃዱ የቢኤስዲ ዓይነት ስለሆነ ኮዱን መክፈት አያስገድድም። ሆኖም ባይነሪውን የሚያሰራጭ ሰው የጎን የቅጅ መብት ማስታወቂያ በሰነዱ ውስጥ እንዲያካትት ይጠይቃል። ብዙ ፕሮግራመሮች የሚረሱት ትንሽ ግዴታ ይህ ነው።

ፓይኢንስቶለር፦ የፓይተን ፕሮግራምን በአንድ የሚነሳ ፋይል የሚያሽግ መሣሪያ ነው። ጂፒኤል ቢሆንም በታሸገው ፋይል ውስጥ ለሚገባው ማስነሻ ኮድ ልዩ ፈቃድ ስላለው ዝግ ፕሮግራሞችንም ማሸግ ይቻላል።

ላይብረሪዎች

በተግባር ፕሮግራመርን ግዴታ ውስጥ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ኮምፓይለሩ ሳይሆን ፕሮግራመሩ ራሱ መርጦ የሚያገናኘው ላይብረሪ ነው።

በሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ ግሊብሲ በኤልጂፒኤል (ቀለል ባለው የጂፒኤል ዓይነት) ይሰራጫል። ፕሮግራሙ በዳይናሚክ ከተገናኘ ተጠቃሚው ላይብረሪውን በሌላ ስሪት መተካት ስለሚችል ግዴታው ቀላል ነው። በስታቲክ ከተገናኘ ግን አሰራጩ ተጠቃሚው የተሻሻለ ላይብረሪ አስገብቶ ፕሮግራሙን እንደገና ማገናኘት የሚችልበትን ነገር፣ ለምሳሌ የፕሮግራሙን የኦብጀክት ፋይሎች፣ መስጠት አለበት።

ጂኤንዩ ሪድላይን በትእዛዝ መስኮት ላይ የሚጻፍን መስመር ለማረም የሚያገለግል ትንሽ ላይብረሪ ነው። ፈቃዱ ኤልጂፒኤል ሳይሆን ሙሉ ጂፒኤል ነው። ክሊስፕ የተባለው የሊስፕ ቋንቋ ሶፍትዌር በ1992 እ.ኤ.አ. ወደ ጂፒኤል የተዛወረው ሪድላይንን በመጠቀሙ ምክንያት በተነሳ ውይይት ነበር። አንድ አነስተኛ ላይብረሪ የአንድን ትልቅ ፕሮግራም ፈቃድ የወሰነበት ታሪክ ስለሆነ ዛሬም በምሳሌነት ይነሳል።

በኢትዮጵያ ሕግ

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የነበሩትን የድርሰት ባለቤትነት ድንጋጌዎች ተክቷል፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች መካከል በስም ይጠቅሳል።

ለዚህ ርዕስ የሚጠቅሙ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የሥራ አመንጪ መብቱን የሚያገኘው ሥራው ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ ነው። ምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ ተማሪ የጻፈው ፕሮግራም ፋይሉ ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ የእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐሳብ፣ የአሠራር ዘዴ፣ ቀመር እና የመሳሰሉት በአዋጁ ጥበቃ አያገኙም። ኮምፓይለሩ የሚከተለው የትርጉም ዘዴ በውጤቱ ላይ መታየቱ የኮምፓይለሩን ደራሲ የውጤቱ ባለመብት አያደርገውም። ጥበቃ ያለው ዘዴው ሳይሆን በኮድ የተገለጸው ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ማባዛት፣ መለወጥና ማሰራጨት የባለመብቱ የኢኮኖሚ መብቶች ናቸው። ምንጭ ኮድን ወደ ባይነሪ መለወጥ ባለመብቱን አይቀይርም። የሌላን ሰው ኮድ ኮምፓይል አድርጎ ባይነሪውን ማሰራጨትም ያ ሰው የሰጠውን ፈቃድ ይፈልጋል።

አራተኛ፣ ተቀጣሪ በሥራው ላይ እያለ ያመነጨው ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። በቅጥር የተጻፈ ኮድን በክፍት ምንጭ ፈቃድ ለማውጣት የአሠሪው ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

አምስተኛ፣ የኢኮኖሚ መብቱ በአጠቃላይ የሥራው አመንጪ በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል።

ምሳሌዎች ከኢትዮጵያ

የአማርኛ ኪቦርድ፦ ኪማን የተባለው የኤስአይኤል ሶፍትዌር የራሱ ኮምፓይለር አለው። የኪቦርድ አዘጋጅ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ በኪማን ቋንቋ ይጽፋል፤ ኮምፓይለሩም ይህን ለኮምፒውተርና ለድረ ገጽ ወደሚሆን ፋይል ይቀይረዋል። በግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን የተዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። ኪማን በኤምአይቲ ፈቃድ የሚሰራጭ ሲሆን በኪማን የጋራ ማከማቻ ውስጥ ያሉ ኪቦርዶችም በዚሁ ፈቃድ ናቸው። ሆኖም ኪቦርዱ ኤምአይቲ የሆነው ኮምፓይለሩ ኤምአይቲ ስለሆነ አይደለም። አዘጋጆቹ ለኪቦርዱ ያንን ፈቃድ ስለመረጡ ነው።

ፎንት፦ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፊደል ፎንት በኤስአይኤል ክፍት የፎንት ፈቃድ ይሰራጫል። ፈቃዱ ፎንቱና ከፎንቱ የተሠሩ ሌሎች ፎንቶች በዚያው ፈቃድ እንዲቆዩ ያስገድዳል። በፎንቱ የተዘጋጀ ሰነድን ግን ግዴታው እንደማይመለከት በግልጽ ይናገራል። በፎንቱ መጽሐፍ አሳትሞ መሸጥ ይቻላል ማለት ነው። ይህ የመሣሪያና የውጤት ልዩነት ከኮምፓይለር ውጭም እንደሚሠራ ያሳያል። ጉዳዩ ቡለን ለሚገኝበት ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልም ይጠቅማል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 6.0 ለጉሙዝ ቋንቋ የሚሆኑ ተጨማሪ የግዕዝ ፊደላትን አካቷል። እነዚህን ፊደላት በክፍት ፎንት ላይ ለመጨመር የሚፈልግ ሰው አዲሱን ፎንት በዚያው ፈቃድ ያወጣል፤ በፎንቱ የሚጻፈው የትምህርት መጽሐፍ ግን የደራሲው ነው።

ፋይዳ፦ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። ሞሲፕ የሚሰራጨው በሞዚላ የሕዝብ ፈቃድ ስሪት 2.0 ነው። ይህ ፈቃድ ስለ ኮምፓይለር ውጤት በቀጥታ ይናገራል። ባይነሪውን በሌላ ፈቃድ ማሰራጨት ይፈቅዳል፤ ይሁንና በፈቃዱ የተሸፈኑት ፋይሎች ምንጭ ኮድ ለተቀባዩ መገኘት አለበት፤ የባይነሪው ፈቃድም ይህን መብት ማጥበብ አይችልም። ግዴታው የሚነሳው ሶፍትዌሩ ሲሰራጭ ነው። ሶፍትዌሩን በራስ ሰርቨር ላይ አስኪዶ አገልግሎት መስጠት ብቻውን እንደ ስርጭት አይቆጠርም።

አንድ ተግባራዊ ምሳሌ

በቡለን ከተማ የምትኖር አንዲት ተማሪ ለእህል ነጋዴዎች የመጋዘን መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም በሲ ጻፈች እንበል። በጂሲሲ ኮምፓይል አድርጋ ባይነሪውን በፍላሽ ለነጋዴዎች ልትሸጥ ትፈልጋለች። በመጨረሻው ፋይል ውስጥ ያለው ኮድ እንደሚከተለው ይመረመራል።

1. ራሷ የጻፈችው ኮድ፦ የእሷ ነው። የፈለገችውን ፈቃድ ትመርጣለች።

2. ኮዱን የጻፈችበት የኮድ መጻፊያ፦ በፋይሉ ውስጥ የለም። ፈቃዱ አይመለከታትም።

3. የሊብጂሲሲ ቁርጥራጮች፦ በፋይሉ ውስጥ አሉ። የራንታይም ልዩ ፈቃዱ ስለሚሸፍናቸው በእሷ ምርጫ ላይ ለውጥ አያመጡም።

4. የሲ ላይብረሪ፦ በሊኑክስ ላይ በዳይናሚክ ከተገናኘ ፋይሉ ውስጥ አይቀዳም፤ የኤልጂፒኤል ግዴታም ቀላል ነው።

5. ሪድላይን፦ ለመጻፍ እንዲመች ብላ ጨምራው ከሆነ ፕሮግራሙን ስታሰራጭ ጂፒኤልን መከተል አለባት።

እስከ አራተኛው ድረስ ፕሮግራሙን ዘግታ መሸጥ ትችላለች። ሁኔታውን የሚቀይረው አምስተኛው ነው። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ሪድላይንን አውጥታ በቢኤስዲ ፈቃድ በሚሰራጨው ሊብኤዲት መተካት ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙን በጂፒኤል ማሰራጨት ነው።

ሁለተኛውን ብትመርጥም መሸጥ አይከለከልም፤ ጂፒኤል ዋጋ መጠየቅን ይፈቅዳል። የሚጠይቀው ባይነሪውን የተቀበለው ሰው ምንጭ ኮዱንም እንዲያገኝና መልሶ የማሰራጨት መብት እንዲኖረው ነው። ይህን ለመፈጸም ድረ ገጽ ወይም ፈጣን ኢንተርኔት የግድ አያስፈልግም። ምንጭ ኮዱን በዚያው ፍላሽ ላይ ከባይነሪው ጋር ማስቀመጥ በቂ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ከሁሉ የሚቀለውም ይህ ነው፤ ኮዱን ኋላ ለመስጠት ቃል ከመግባትና ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከመላክ ያድናል።

የተለመዱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

«በጂሲሲ የተሠራ ሁሉ ጂፒኤል ነው።» ስህተት ነው። ከላይ እንደተገለጸው የኮምፓይለሩ ፈቃድ አይተላለፍም፤ ለራንታይሙም ልዩ ፈቃድ አለ።

«ክፍት ምንጭ ማለት ነፃ የወጣ፣ ባለቤት የሌለው ማለት ነው።» ስህተት ነው። ክፍት ምንጭ ፈቃድ የሚሰጠው የቅጅ መብት ባለቤት ነው። ሁኔታዎቹን ያልጠበቀ ሰው ፈቃዱ አይኖረውም።

«ባይነሪ ከሆነ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ግዴታ የለም።» ስህተት ነው። ግዴታው የሚመነጨው ከማሰራጨቱ እንጂ ከመታወቁ አይደለም። በባይነሪ ውስጥ የቀሩ ጽሑፎችና የፋንክሽን ስሞችም የትኛው ላይብረሪ እንደገባ ብዙ ጊዜ ይናገራሉ።

«ያለ ፈቃድ ጽሑፍ የተለቀቀ ኮድ ለሁሉም የተፈቀደ ነው።» ስህተት ነው። ፈቃድ ካልተሰጠ መብቱ በሙሉ በአመንጪው እጅ ይቆያል። ኮዱ ለሌሎች እንዲጠቅም የሚፈልግ ተማሪ የፈቃድ ፋይል መጨመር አለበት።

«ጂፒኤልን የተጠቀመ ሰው በቤቱ ለራሱ የሠራውንም ማውጣት አለበት።» ስህተት ነው። ለግል ጥቅም የተቀየረና ያልተሰራጨ ኮድን ይፋ ማድረግ አይጠየቅም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመነጭ ኮድ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የኮድ ረዳቶች ኮድ ስለሚያመነጩ አንዳንድ ጊዜ ከኮምፓይለር ጋር ይነጻጸራሉ። ነገር ግን ንጽጽሩ ብዙ አይሄድም። ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ሙሉ ሥራ ይተረጉማል፤ ረዳቱ ግን ከአጭር ጥያቄ ተነስቶ በሥልጠና ካያቸው ኮዶች በመነሳት አዲስ ጽሑፍ ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ።

የመጀመሪያው ውጤቱ ባለመብት አለው ወይ የሚለው ነው። በአሜሪካ የቅጅ መብት የሚሰጠው ለሰው ደራሲ ብቻ እንደሆነ በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2025 እ.ኤ.አ. በቴለር ጉዳይ አጽንቷል። ሁለተኛው ውጤቱ የሌላ ሰው ኮድ ቅጂ ነው ወይ የሚለው ሲሆን፣ በዚህ ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. በጊትሃብ ኮፓይለት ላይ ክስ ቀርቧል። በሁለተኛው ጥያቄ የባይሰን ትምህርት እዚህም ይሠራል፤ መሣሪያው የሌላን ሰው ኮድ ሳይለውጥ በውጤቱ ውስጥ ካስቀመጠ የዚያ ኮድ ፈቃድ አብሮ ይመጣል።

ከማሰራጨት በፊት የሚታዩ ነጥቦች

አንድ ፕሮግራመር ሥራውን ከማሰራጨቱ በፊት የሚከተሉትን ቢያጣራ ከአብዛኛው ችግር ይድናል።

ምንጭ ኮዱ በሙሉ የራሱ መሆኑን፣ ካልሆነም የማን እንደሆነ፤

ኮምፓይለሩ የሚጨምረው ራንታይም ላይብረሪ ልዩ ፈቃድ ወይም ልል ፈቃድ ያለው መሆኑን፤

የተገናኙትን ላይብረሪዎች ዝርዝር፣ የእያንዳንዳቸውን ፈቃድና የተገናኙበትን መንገድ፤

እንዲካተቱ የሚጠየቁ የቅጅ መብት ማስታወቂያዎች ከባይነሪው ጋር መቀመጣቸውን፤

ለራሱ ኮድ የመረጠው ፈቃድ ከእነዚህ ሁሉ ጋር የሚጣጣም መሆኑን።

ደግሞ ይዩ

የቅጅ መብት፣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ኮምፓይለር፣ ጂኤንዩ፣ ሊኑክስ፣ ዩኒኮድ፣ የግዕዝ ፊደል፣ ቡለን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል